«ከበቆሎ የተሠራ ነው፣ መሬት ላይ ጣለው ይጠፋል»

ጅማ ውስጥ የፌስታል ነገር በተነሳ ቁጥር ይህን የማይሰማ የለም። ተናጋሪው ከልቡ አምኖ ነው የሚለው፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ኅሊናው ሳይወቅሰው አወይቱ ወንዝ ዳር ይጥላል።

«ከተክል ከተሠራ ይበሰብሳል።» ስህተት። ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ የሚመረተው ፖሊኢቲሊን (ተራው የፌስታል ፕላስቲክ) ከነዳጅ ከሚሠራው በምንም አይለይም፤ ሁለቱም አይበሰብሱም። ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ በአብዛኛው ከነዳጅ ይሠራል፤ ግን ይበሰብሳል። ወሳኙ የሞለኪዩሉ አሠራር ነው።

«መሬት ላይ ቢጣል ይጠፋል።» ብዙ ጊዜ «የበቆሎ ፕላስቲክ» የሚባለው ፒኤልኤ ነው። የበቆሎ ወይም የአገዳ ስኳር በባክቴሪያ ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። የአሲዱ ሞለኪዩሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የቀዝቃዛ መጠጥ ኩባያ፣ ሹካና ማንኪያ ይሠራባቸዋል። ሲበሰብስ መጀመሪያ ሙቀትና እርጥበት ሰንሰለቱን ይቆራርጡታል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚበሉት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የሚፋጠነው 58 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው። የጅማ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቦይ ውስጥ የተጣለ የፒኤልኤ ኩባያ ዓመታት አልፈውም ኩባያ እንደሆነ ይገኛል። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ «በ6 ወር 90 በመቶ ይበሰብሳል» ሲል በፋብሪካ ደረጃ ስለሚሞቅ ኮምፖስት (የሚብላላ የቆሻሻ ክምር) እንጂ ስለ ጓሮ መሬት አይናገርም።

በጓሮ መሞከር የሚፈልግ የኮምፖስት ክምሩን በቁመትም በወርድም ቢያንስ 1 ሜትር ያድርገው፤ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። አንድ እጅ እርጥብ ነገር (የቡና ልጣጭ፣ የአትክልት ትርፍ፣ እበት) በሁለት እጅ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ይደባለቅ። ጨብጠው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። የብረት ዘንግ መሃሉ ላይ ሰክተው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲያወጡት እጅ የማያስነካ ከሆነ ክምሩ ሞቋል። ሲበርድ ይገላበጥ። ክረምት ላይ በእንሰት ቅጠል መሸፈን ግዴታ ነው፤ ውኃ የጠጣ ክምር ይበርዳል፣ ይሸታልም። ትልቁ ችግር ግን ሙቀቱ በአንድ ሁለት ሳምንት መውረዱ ነው፤ ፒኤልኤ ደግሞ ብዙ ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ክምሩ በአዲስ እርጥብ ነገር ደጋግሞ ካልታደሰ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስሱን ኩባያ በ2 ሴንቲ ሜትር ቆራርጦ ማስገባት ይረዳል፤ ወፍራም ማንኪያ ባይሞከር ይሻላል።

«ትኩስ ቡናም ይይዛል።» አይይዝም። ተራው ፒኤልኤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል። ከፍታው ወደ 1,700 ሜትር በሆነው ጅማ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቢፈላም ኩባያውን አጣምሞ ለመጣል ከበቂ በላይ ነው።

«ባዮዲግሬደብል (የሚበሰብስ) ተብሎ ተጽፎበታል።» ኦክሶ የሚባለው ዓይነት ተራ ፖሊኢቲሊን ላይ ማፍረሻ ተጨምሮበት የሚሠራ ነው፤ ተሰባብሮ ብናኝ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል።

«ይሄ እንኳን የጨርቅ ዘንቢል ነው።» ከጠርዙ ክር የምታህል ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሱ። ቀልጦ ጠብ ካለና ሲበርድ ጠጣር ዶቃ ከሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ብዙ ጊዜም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፤ ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር።

«ከቡላ ፌስታል ይሠራል።» ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ፌስታል አይሠራም። 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቡላ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን በቀዝቃዛው ይበጥበጥ፤ ከዚያ በዝግ እሳት ብርሃን እስኪያሳልፍና እስኪወፍር ድረስ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ከተንተከተከ አረፋው ቀዳዳ ይተዋል። በስሱ ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ይኮማተራል። ግሊሰሪኑ ካነሰ ይሰነጠቃል፣ ከበዛ እጅ ላይ ይጣበቃል። የጅማ ሐምሌ ደግሞ ሳይደርቅ ያሻግተዋል። የደረቀውም ቢሆን ውኃ ሲነካው ይላላል። ደረቅ ቅመም ለመጠቅለል ይሆናል።

ለቡና ችግኝ ግን አይሆንም፤ ችግኙ ወራት ውኃ እየጠጣ ስለሚቆይ ሽፋኑ ሳይተከል ያልቃል። እስከዚያው ጥቁሩ ላስቲክ ይሻላል፤ ነገር ግን ከነላስቲኩ መትከል የለም። ሥሩ እዚያው ይጠማዘዛል፣ ላስቲኩም መሬት ውስጥ ይቀራል። ግርጌውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ቆርጦ የተጠማዘዘውን ሥር ማስወገድ፣ ጎኑን መሰንጠቅ፣ ችግኙን ከነአፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ላስቲኩን ስቦ ማውጣትና ወደ ማዳበሪያ ከረጢት መሰብሰብ ነው።