ስለ ኮራል አኳሪየም መብራትና ዕቃ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

"ለዚህ አኳሪየም ስንት ዋት መብራት ይበቃዋል?"

በጨው ውኃ አኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ውስጥ ኮራል ማሳደግ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። የአኳሪየሙን ጥልቀት አይነግረኝም። ምን ዓይነት ኮራል ሊያስገባ እንዳሰበም ገና አልወሰነም። ዋት ብቻ! ሥራዬ የሰው አኳሪየም መግጠምና መከታተል ስለሆነ ጥያቄው በየጊዜው ይመጣል፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ዋት የሚነግራችሁ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚቆጥር ነው። ስለ ብርሃኑ የሚናገረው ነገር የለም። በዋት መብራት መምረጥ ምግብ መብሰሉን በፈጀው እንጨት እንደመለካት ነው።

ስሌቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በፍሎረሰንት ዘመን አምፖሎቹ በአሠራር ይቀራረቡ ነበር። ስለዚህ "ለአንድ ጋሎን ውኃ ይህን ያህል ዋት" ማለት በግምት ያስኬድ ነበር። ኤልኢዲ ሲመጣ ግን ግምቱ ፈረሰ። ሁለት ባለ 100 ዋት መብራቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ብርሃኑን በሌንስ አጥብቦ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይልካል። ሌላው ግማሹን መስታወቱ ላይና ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ዋታቸው እኩል ነው፤ ኮራሉ ጋ የሚደርሰው ግን አይገናኝም።

ታዲያ መለካት ያለበት ምንድን ነው? ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን የኮራሉን ቀለብ የሚችሉትም እነሱ ናቸው። የሚጠቀሙት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ፓር ይባላል፤ የሚለካውም ኮራሉ በተቀመጠበት ቦታ፣ ውኃው ውስጥ ነው። ለእንጉዳይ ኮራልና ለሌሎች ለስላሳ ዓይነቶች ከ50 እስከ 100 ፓር ይበቃል። እንደ ዩፊሊያ ላሉት ትልልቅ ፖሊፕ (አፍ ያለው የኮራሉ ሥጋ) ላላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ100 እስከ 150 ጥሩ ነው። እንደ አክሮፖራ ላሉት ትንንሽ ፖሊፕ ላላቸው ደግሞ ከ200 እስከ 350። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ብልህ አይጠፋም፦ "ባሕር ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ፓር ይደርስ የለ?" ይደርሳል። ግን እሱ የውኃው ገጽ ላይ ነው፤ ያውም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት። የእናንተ መብራት ግን ሙሉ ቀን በአንድ ኃይል ይተኩሳል።

ከዋት ቀጥሎ የሚያናድደኝ በዓይን መለካት ነው። "ለእኔ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየኝ" ይላሉ። የሰው ዓይን ከሁሉ አጉልቶ የሚያየው ወደ አረንጓዴና ቢጫ የሚያደላውን፣ 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። የኮራል መብራት ደግሞ በብዛት ሰማያዊ ነው፤ 450 አካባቢ። ስለዚህ ለእናንተ የደበዘዘው ለኮራሉ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። የስልኩ የብርሃን መለኪያም አያድናችሁም። ሉክስና ሉመን የሚባሉት የብርሃን መለኪያዎች የተሠሩት በሰው ዓይን ልክ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ኮራሉ ሲነጣ ብርሃን ያነሰው መስሎት መብራቱን ጨመረ። ባሰበት። እንደገና ጨመረ። እኔ መለኪያ ይዤ ስደርስ ከድንጋዩ አናት ላይ ከ500 በላይ እየተነበበ ነበር። ኮራሉ ከመጠን ያለፈ ብርሃን ሲመታው አልጌዎቹን ያባርራል፤ ንጣቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰውየው መድኃኒት ያለው ነገር በሽታው ራሱ ነበር። መብራቱን ከፍ አድርገን ሰቀልነው፣ ኃይሉን ቀነስነው፣ ከዚያ እጃችንን ሰበሰብን። ቀለሙ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው፤ በየመሃሉ "ትንሽ ብንጨምረውስ?" እያለ መደወሉን አልተወም።

ቡናማ መሆንም እንዲሁ ያሳስታል። ብርሃን ሲያንስ ኮራል ቡናማ ይሆናል። ውኃው ውስጥ አልጌን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙም ቡናማ ይሆናል፤ አልጌዎቹ በቁጥር ይበዛሉና። ንጣትም ከብርሃን መብዛት ብቻ አይመጣም። ናይትሬትና ፎስፌት ጨርሶ ዜሮ ሲሆንም ኮራል ይገረጣል። ስለዚህ የመብራቱን ቁልፍ ከመነካካታችሁ በፊት ውኃውን መርምሩ። እባካችሁ።

ምክሬ ይህ ነው። የፓር መለኪያ ውድ ነው፤ አንዴ ተውሳችሁ ወይም ተከራይታችሁ ብትለኩበት ይበቃል። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታችና ከማዕዘኖቹ አንብባችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። አዲስ መብራት ስትሰቅሉ ዝቅ ባለ ኃይል ጀምራችሁ በአራት፣ በአምስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። አዲስ ኮራል መጀመሪያ አሸዋው ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ላይ መውጣቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሙሉው ብርሃን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይብራ፤ እሱንም በሰዓት ቆጣሪ እንጂ በእጅ አይሁን። አኳሪየሙ ረጅም ከሆነ ደግሞ ከአንድ ኃይለኛ መብራት ሁለት መካከለኛ ይሻላል። አንድ መብራት መሃሉን ያቃጥልና ዳሮቹን ያስርባል። ኮራሉ እያደገ ሲሄድም በገዛ ራሱ ጥላ የታችኛው ክፍሉ ይሞታል።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው።

"20,000 ኬልቪን ከ10,000 ይበረታል።" አይበረታም። ኬልቪን የቀለም ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

"ሜታል ሃላይድና ቲ5 ሞተዋል።" እነዚህ ከኤልኢዲ በፊት የነበሩ የመብራት ዓይነቶች ናቸው፤ ኮራሉ ግን ፋሽን አያውቅም። ሜታል ሃላይድ ውኃ ያሞቃል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ አምፖሉም በየጊዜው ይለወጣል። የቲ5ም አምፖል እንደዚያው ነው። ኮራል ማሳደጉን ግን ሁለቱም ያውቁበታል።

"መብራት ስቀንስ አልጌው ይጠፋል።" ድንጋዩና መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን እንጂ ኮራሉ ውስጥ ያለውን አልጌ ማለታቸው አይደለም። ለጊዜው ይደበቃል። ምግቡ ፎስፌትና ናይትሬት ነው፤ እሱ እስካለ ይመለሳል። የቧንቧ ውኃ እየሞላችሁ በአልጌ አታማሩ። መጀመሪያ ውኃው ውስጥ የሟሟውን የሚያስቀር የአርኦ ዲአይ ማጣሪያ ግዙ። የቧንቧ ውኃ መዳብም ሊኖረው ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

"ለአኳሪየሙ ውኃ የገበታ ጨው ቢሆንስ?" አይሆንም። ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዚየም ከየት ይመጣል?

"ስኪመር ናይትሬትን ያወጣል።" አያወጣም። ስኪመር በአረፋ የሚይዘው ገና ያልበሰበሰውን ቆሻሻ ነው። ናይትሬት እንዳይፈጠር ያግዛል እንጂ የተፈጠረውን አይነካም። ደግሞ ከአኳሪየሙ በእጅጉ የበለጠ ስኪመር አትግዙ፤ የሚይዘው ስለሚያጣ አረፋው አይረጋም።

"ፊልተሩ ፓምፕ ስላለው ሌላ አያስፈልግም።" ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኮራል አይንቀሳቀስም። ኦክስጅን የሚያመጣለትም፣ ቆሻሻውን የሚጠርግለትም ውኃው ነው። ከማጣሪያው የሚመለሰው አንድ ቀጥ ያለ ጅረት አይበቃም። አክሮፖራ ካሰባችሁ የሞገድ ፓምፖቹ በሰዓት የአኳሪየሙን መጠን 30 እና 40 እጥፍ ቢያንቀሳቅሱ አይበዛም። አቅጣጫው ደግሞ ይቀያየር። ፓምፑን በቀጥታ ኮራሉ ላይ የሚደግን ሰው አይቻለሁ፤ ሥጋው ከአጽሙ ተልጦ ነበር። ሁለት ፓምፖችን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ጅረቶቹ መሃል ላይ ይጋጩ።

"አንድ ትልቅ ማሞቂያ ይበቃል።" የማሞቂያ ቴርሞስታት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በርቶ እያለ ነው። ትልቅ ማሞቂያ እንደበራ ቢቀር ሁሉንም ቀቅሎ ያድራል። ሁለት ትንንሽ ግዙ። አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን አያፈላም፤ አንዱ ጠፍቶ ቢቀር ሌላው ያቆያል። በተለየ መቆጣጠሪያ ብታገናኟቸው ደግሞ የበለጠ ነው። 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይርጉ።

"ለጀማሪ ትንሽ አኳሪየም ይቀላል።" ከቦታ አንጻር አዎ። ከጥንቃቄ አንጻር ተቃራኒው ነው። ውኃ ይተናል፤ ጨው አይተንም። ከ40 ሊትር ላይ ሁለት ሊትር ሲተን ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ተነስቶ ወደ 37 ይጠጋል። ከ400 ሊትር ላይ ያው ሁለት ሊትር ቢተን ልዩነቱ አይታወቅም። የተነነውን የምትተኩት በንጹሕ ውኃ ነው፤ በጨው ውኃ የሚተኩ ሰዎች አሁንም ያጋጥሙኛል። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ለኩ፤ መለኪያውንም 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉ። ትንሽ አኳሪየም ላይ ከሆናችሁ አውቶማቲክ የውኃ መሙያ ግዙ፤ ከጌጠኛ መብራት በፊት እሱ ይቅደም። መሙያው የሚቀዳበትን ዕቃ ግን ትንሽ አድርጉት። ቀንድ አውጣ የውኃውን ከፍታ በሚያነበው ሴንሰር ላይ ተቀምጦ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ የሚገባው ውኃ ከዚያ ዕቃ አይበልጥም።