ስለ ቦንሳይ የሚወራውና እውነቱ

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ደህና አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ጅማ ውስጥ ቦንሳይ፣ ማለትም በዝርግ ሳህን ተተክሎ እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ የሚቆይ ዛፍ፣ የምናሳድግ ጥቂት ሰዎች ዛፎቻችንን ይዘን እንወጣለን። ጠዋት አውደ ርዕይ፣ ከሰዓት በኋላ የተግባር ሥልጠና። ጃፓኖች ዛፉን የሚያስቀምጡበት ለብቻው የተሠራ የእንጨት መቆሚያ አላቸው፤ እኛ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከማንም አያንስም ብለን እሱኑ እንጠቀማለን። የእኔ ድርሻ ከዛፎቹ አጠገብ ቆሞ ጥያቄ መመለስ ነው። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት አይለወጡም፤ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

"የድንክ ዛፍ ዘር ነው"

"እባክህ ዘሩን ሽጥልኝ" የሚለኝ ሰው ብዛቱ! የቦንሳይ ዘር የሚባል ነገር የለም። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ በዝርግ ሳህን የተተከለ እንደማለት ነው። የሚናገረው ስለ አተካከሉ እንጂ ስለ ዛፉ ዓይነት አይደለም። የቦንሳይ ዘር ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ተራ የዛፍ ዘር ነው፤ መሬት ላይ ቢዘሩት እንደ አባቱ ይገዝፋል።

የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጓሮ ያለውን ጫት ማየት ይበቃል። ቁመቱ ሰው እጅ ሥር የሚቆየው ሁልጊዜ ስለሚቀነጠብ ነው፤ ለዓመታት ቢተውት ዛፍ ሆኖ ከጣሪያ በላይ ይሄዳል። ዘሩ ያው ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው እጅ ነው።

ጥበቡን የፈጠሩት ጃፓኖች ናቸው የሚባለውም ልክ አይደለም። ጃፓኖች አጣርተው አሳመሩት እንጂ መነሻው ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው የታንግ ዘመን ልዑል የዣንግሁዋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ተክልና ድንጋይ የተደረደረበት ሳህን የተሸከሙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ።

"ግፍ ነው"

አንድ ዓመት ነጠላ የተከናነቡ እናት ከወይራዬ ፊት ቆመው ቆመው፣ "ልጄ፣ ይህስ ግፍ ነው። አስርበኸው፣ ሥሩን ቆራርጠህ፣ ይባስ ብሎ በሽቦ አስረኸው" አሉኝ።

"እማማ፣ ቡና አለዎት?"

"አለኝ እንጂ።"

"ሲያረጅ ምን ያደርጉታል?"

"እናስጎነድለዋለን፣ ሌላ ምን እናደርገዋለን?" አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ያረጀ ቡና ከመሬት በ30 ወይም በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል። ጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይሰጣል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደ ወጣት ያፈራል። ይህን ግፍ ያለ ገበሬ አላየሁም። ቦንሳይ ላይ ሥሩን የምንገርዘውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ወፍራሙ ሥር ሲያጥር ከቁርጡ ጫፍ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፣ ውሃና ምግብ የሚስቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ረሃቡም ቢሆን ወሬ ነው። ሳህን ላይ ያለች እፍኝ አፈር ምግቧ በውሃ ቶሎ ስለሚታጠብ፣ ቦንሳይ ከጓሮ ዛፍ ይልቅ አዘውትሮ ማዳበሪያ ይፈልጋል። የተራበ ዛፍ ይቀጥናል፣ ይገረጣል፣ ይሞታል እንጂ አያምርም።

ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኘው የቦንሳይ ሙዚየም ያማኪ በሚባል ቤተሰብ ስም የሚጠራ የጃፓን ነጭ ፓይን ዛፍ አለ። በሳህን ማደግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው፤ የእኛ አፄ ሱስንዮስ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከግንብ አጥር ጀርባ ቆሞ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ሲሰጥ ይህ ታሪኩ አልተነገረም፤ የወጣው የባለቤቱ የልጅ ልጆች በ2001 ሊያዩት ሲመጡ ነው። የሚሰቃይ ዛፍ ይህን ያህል አይቆይም።

በአንድ ነገር ግን እኚያ እናት እውነት አላቸው። ቅርንጫፉን ቅርጽ ለማስያዝ የምንጠመጥመው ሽቦ ከተረሳ ይጎዳል። እኛ ዘንድ እንደ ጃፓን ዛፉን ወራት ሙሉ የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ ሾላና ዋርካ ደህና ዝናብ ካገኙ ሽቦው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅርፊቱን ይነክሳል። ከዋርካዎቼ አንዷ በእኔ ስንፍና እባብ የተጠመጠመባት የሚመስል ጠባሳ አላት። ለማስተማሪያ እያልኩ በየዓመቱ አመጣታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ምክንያት የለኝም።

"የሳሎን ጌጥ ነው"

አይደለም። ዛፍ ነው፣ የዛፍ ቦታው ደጅ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ፎቶግራፉ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ የሚካሄደው ኮኩፉ የተባለው ታላቅ አውደ ርዕይ በአዳራሽ ውስጥ ነው የሚታየው፤ ዛፎቹ ግን እዚያ የሚቆዩት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ደጃቸው ይመለሳሉ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ መጋረጃ በተጋረደበት ጥግ የተቀመጠ ወይራ ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር "ቡዳ በላው" አይባልም። ብርሃን አጥቶ ነው።

"ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥሩም ጠጠር"

ብዙውን ዛፍ የሚገድለው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይጠጣም። ጥር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ያቺ ዝርግ ሳህን በአንድ ቀን ትደርቃለች፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ለቀናት ውሃ ሳይነኩ መቆየት ይቻላል። መፍትሔው ጣት ነው። ጣትን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጎ፣ ላዩ መድረቅ ሲጀምር ከታች በቀዳዳው እስኪወርድ ማጠጣት፤ እርጥብ ከሆነ መተው።

የጅማ ቀይ አፈር ለቡና የተባረከ ነው፣ ለሳህን ግን አይሆንም። ደቃቅና ተጣባቂ ስለሆነ ውሃውን ይይዛል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ይህን ያወቀ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ከሳህኑ ግርጌ ጠጠር አንጥፎ ቀይ አፈሩን ከላይ መሙላት ነው። ይህም ስህተት ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ያህል ተሳስቼበታለሁ።

በሥልጠናው ላይ የምናሳየው በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ውሃ እስኪጠግብ ይነከርና መዳፍ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይያዛል። ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ያቆማል። አሁን ሳይጨምቁት በጠርዙ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ እንደገና ውሃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው፣ ውሃው ያው፣ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አፈርም እንደዚሁ ነው። ከግርጌው ያለው ክፍል ሁልጊዜ የተወሰነ ከፍታ ያህል ውሃ እንደያዘ ይቀራል፤ ሳህኑ ዝርግ በሆነ ቁጥር ከአፈሩ ውስጥ ብዙው እጅ በዚያ ረግረግ ውስጥ ይውላል። ጠጠር ሲነጠፍ ደግሞ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ቶሎ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ረግረጉን አላጠፋንም፣ ወደ ሥሩ አስጠጋነው።

መፍትሔው አፈሩን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሻካራ ማድረግ ነው። የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ጡብ ሰባብሮ፣ ነፍቶ፣ ዱቄቱን ጥሎ ጠጠሩን ከታጠበ አሸዋና በደንብ ከበሰለ ብስባሽ ጋር መቀላቀል ነው። ቀዳዳው ላይ የወንፊት ቁራጭ ይበቃል።

"ዛፉ ካነሰ ፍሬውም ያንሳል"

ቅጠሉ አዎ፣ ፍሬው አይደለም። በተደጋጋሚ የተገረዘና በቂ ፀሐይ ያገኘ ዛፍ ቅጠሉን እያሳነሰ ይሄዳል፤ አበባና ፍሬ ግን መጠናቸውን አይለቁም። አንድ ባልደረባችን በሳህን ያሳደገው ቡና አለ፤ ቁመቱ ከጀበና ብዙም አይበልጥም። ኅዳር ላይ የሚቀላው ፍሬ ማሳ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው፣ ዛፏ ልትሸከመው አትችልም ያስብላል። እንግዲህ ጅማ ነንና እያንዳንዱ ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቡና ነው። እኔ ግን ቡናን ለጀማሪ አልመክርም። ቅጠሉ ትልቅ ነው፣ አንጓዎቹም ተራራቁ፤ ብዙ ደክመው የሚያገኙት ዛፍ ሳይሆን ያማረ ችግኝ ነው። ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም።

"የእኛ አገር ዛፍ አይሆንም"

እንዲያውም ከውጭ የሚመጣው ነው የሚያስቸግረው። የጃፓኑ ሜፕል የብርድ ወራት እንቅልፉን ካላገኘ እየደከመ ይሄዳል፤ ጅማ ደግሞ ያን ብርድ ከየት ታምጣለት? የእኛ ወይራ በደቡብ አፍሪካ የቦንሳይ አሳዳጊዎች ከሚመርጧቸው ዛፎች አንዱ ነው። ጥድ ይሆናል፤ ነገር ግን ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ድረስ ከቆረጡት መልሶ አያቆጠቁጥም። ዋንዛን ተዉት፣ ቅጠሉ ሳህኑን ያለብሰዋል።

ለጀማሪ የምሰጠው የሾላን ዘመዶች ነው። ወፍ ዘራቸውን እየጣለች በአሮጌ ግንብ ስንጥቅና በአሸንዳ ላይ ታበቅላቸዋለች፤ ባለቤቱ ግንቡን ከሚሰነጥቅበት ብለው ቢጠይቁት በደስታ ይሰጣል። እንዲህ የሚገኝ ችግኝ ሥሩ ተጠማዞና ተጨንቆ ያደገ ስለሆነ ከችግኝ ጣቢያው ቀጥ ያለ ልጅ ይልቅ መልክ አለው። ከጫካ መንቀል ግን አይሆንም፤ አብዛኛው ይሞታል፣ ጫካውም የእኛ ጓሮ አይደለም።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ግንዱ ላይ ያለው ደረቅ ነጭ እንጨት በሽታ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ያማረ ዛፍ ሁሉ አሮጌ አይደለም፤ ግንድ ቶሎ የሚወፍረው መሬት ላይ ስለሆነ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ጓሮ ተክለን፣ ከወፈረ በኋላ ቆርጠን ወደ ሳህን እናመጣለን። በአንድ ከሰዓት ሥልጠና ቦንሳይ ተሠርቶ ያልቃል የሚል ካለ ደግሞ የሚያልቀው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

"ሥር መያዙን ማየት አለብኝ"

ሥሩ የተገረዘ ዛፍ ከሳህኑ ጋር በሽቦ ይታሰራል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ነፋስ ከማያገኘው ጥላ ሥር ይቆያል፣ እስኪያቆጠቁጥ ማዳበሪያ አይሰጠውም። ይህን ሁሉ ተናግረን በሸኘን በሳምንቱ አንድ ወጣት የጠወለገ ሾላውን ታቅፎ መጣ። ጥላ ሥር አስቀምጦታል፣ ውሃውንም በጣቱ እየለካ ነው የሚሰጠው፤ ሁሉንም በትክክል አድርጓል። የታሰረበት ሽቦ ግን የለም።

"ሽቦውስ?" አልኩት።

"እሱንማ ፈታሁት፣ ጋሼ። ጠዋት ጠዋት ሳወጣው ያስቸግረኝ ነበር።"

"ለምን ታወጣዋለህ?"

"ሥር ይዞ እንደሆነ ላይ ነዋ።"