ከኮሚክ መጽሐፍ ወደ ፊልም የተሻገሩ ሴት ገጸ ባሕርያት

በኮሚክ መጻሕፍት ላይ የተመሠረቱ ፊልሞች ሲነሡ በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ካባ የለበሰ ወንድ ነው። ሴቶቹ ግን ዘግይተው የተጨመሩ አይደሉም። ሎይስ ሌን ከሱፐርማን ጋር በአንድ ዕትም ብቅ ያለችው በ1938 ነው፤ ካትዉማን በ1940፣ ዎንደር ዉማን ደግሞ በ1941 ተከተሉ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሲኒማ ሲሻገሩ ዕጣቸው ተለያየ። አንዳንዷ ታግታ እንድትጮኽ ብቻ ትፈለግ ነበር፤ አንዳንዷ ደግሞ ፊልሙ በስሙ የተሰየመለትን ጀግና ከወንበሩ አስነሥታ ተቀምጣበታለች።

በ1960ዎቹ አውሮፓ ቀደም ብላ ነበር። ሞኒካ ቪቲ በ1966 ሞደስቲ ብሌዝን፣ ጄን ፎንዳ በ1968 ባርባሬላን ተጫወቱ። በሆሊዉድ በኩል በ1978ቱ ሱፐርማን ማርጎት ኪደር ላስገኘቻት ሎይስ ሌን እስከ ዛሬ አቻ አልተገኘላትም። የመጀመሪያው ትልቅ የሴት ልዕለ ጀግና ፊልም የትኛው እንደሆነ ያከራክራል፤ ባርባሬላ ልዩ ኃይል ስለሌላት ክብሩን ለ1984ቱ ሱፐርገርል መስጠት ይቻላል። ፊልሙን ግን ገበያ አልቀናውም።

ሚዛኑን የለወጠው በ1992 የወጣው የቲም በርተን ባትማን ሪተርንስ ነው። ኋላ ካትዉማን የምትሆነው ሰሊና ካይል የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ጸሐፊ ናት፤ ቡና ታቀርባለች፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስትሰነዝር ይሣቅባታል። ምስጢሩን ስለደረሰችበት አለቃዋ ከፎቅ በመስኮት ገፍትሮ ይጥላታል። በረዶ ላይ ወድቃ ድመቶች ከበዋት ትነቃለች፤ ቤቷ ገብታ የገዛ ዕቃዋን ትሰባብራለች። ከዚያም ጥቁር የሚያብረቀርቅ ካፖርቷን ከቁም ሣጥን አውጥታ ትቀድና በልብስ ስፌት መኪናዋ አዲስ ልብስ ትሠራበታለች። በካትዉማን ሰውነት ላይ የሚታየው ነጭ የስፌት መስመር ከዚያ የመጣ ነው።

ሚናው አስቀድሞ የተሰጠው ለአኔት ቤኒንግ ነበር፤ በማርገዟ ምክንያት ለሚሼል ፋይፈር ተላለፈ። ፋይፈር ጅራፍ አያያዝ ሠልጥና በመደብሩ ትዕይንት የአራት ልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶችን ራስ በአንድ ቀረጻ ጥላለች። ሕያው ወፍ አፏ ውስጥ አስገብታ የለቀቀችበት ትዕይንትም የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ልብሱ ላቴክስ ከተባለ ስስ ጎማ የተሠራ በመሆኑ አልገባ እያለ ሰውነቷ በፓውደር ይታሽ፣ ከለበሰችው በኋላም እንዲያብረቀርቅ ሲሊኮን ይቀባ ነበር። ከእርሷ በፊት ጁሊ ኒውማርና ኧርታ ኪት በቴሌቪዥን፣ ከእርሷ በኋላ አን ሃታዌይ በ2012፣ ዞዊ ክራቪትዝ በ2022 ካትዉማንን ተጫውተዋል። ሁሉም የየራሳቸው ደጋፊ አላቸው፤ የዚህ ጸሐፊ ድምፅ ግን የፋይፈር ነው።

የ2004ቱ ካትዉማን ወደቀ። ሃሊ ቤሪ ለመጥፎ ትወና የሚሰጠውን የራዚ ሽልማት፣ ኦስካሯን በእጇ ይዛ፣ በአካል ቀርባ ተቀበለች፤ ከፊልሙ ይልቅ የሚታወሰው ያ ምሽት ነው። ያቺው ቤሪ ከ2000 ጀምሮ በኤክስ ሜን ፊልሞች የተጫወተቻት ስቶርም በእናቷ ኬንያዊት ስትሆን፣ በመጽሐፉ ያላት ግርማ በፊልሞቹ በግማሽ እንኳ አልታየም።

ኮሚክ ሁሉ የልዕለ ጀግና ታሪክ አይደለም። ማርጃን ሳትራፒ ከኢራን የልጅነት ሕይወቷ የሣለችውን ፐርሰፖሊስ በ2007 ከቫንሳን ፓሮኖ ጋር ራሷ ወደ ፊልም አመጣችው፤ በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማትን ተጋራ። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። በየማለዳው የጃስሚን አበባ በጡት መያዣዋ ውስጥ የምታኖረው አያት ሰይፍ ከያዙት ሁሉ ይልቅ ልብ ውስጥ ትቀራለች። ማንጋ የሚባለው የጃፓን ኮሚክ ሌላ ዳሰሳ ይሻል፤ በ1984 በፊልም የወጣችው የዳይሬክተሩ ሚያዛኪ ናውሲካ ግን መጠቀስ አለባት።

ዎንደር ዉማንን የፈጠራት የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ማርስተን ነው፤ የባለቤቱ የኤልሳቤጥ ድርሻ ከፍተኛ ነበር የሚሉ አሉ። በ2016 ዎንደር ዉማን የተባበሩት መንግሥታት የክብር አምባሳደር ተደርጋ፣ የድርጅቱ ሠራተኞች ተቃውመው፣ ሹመቷ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ፓቲ ጄንኪንስ ያዘጋጀችውና ጋል ጋዶት የተወነችበት ፊልም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

በ2018 የወጣው የራያን ኩግለር ብላክ ፓንተር ለአፍሪካዊ ተመልካች የተለየ ቦታ አለው። ታሪኩ የሚፈጸመው ዋካንዳ በምትባል ምናባዊ አገር ነው፤ ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወንዝ ነገድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ የሚታየው ክብ ገል የኦሞ አካባቢን የሱሪና የሙርሲ ባህል ያስታውሳል። ንጉሡን የሚጠብቁት ዶራ ሚላጄ በ1998 በኮሚኩ ሲፈጠሩ ለንጉሡ የታጩ ልጃገረዶችም ነበሩ፤ ፊልሙ የእጮኝነቱን ነገር አስወግዶ ወታደርነቱን አስቀረ። ያ ውሳኔ ነው የፊልሙን ኦኮዬ የወለደው። ዳናይ ጉሪራ ራሷን ተላጭታ የተጫወተቻት ይህች ጄኔራል በደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ቁማር ቤት ያስለበሷትን ዊግ አውልቃ በጠላቷ ፊት ላይ ትወረውራለች። በመጨረሻው ውጊያ ሊጨፈልቅ የመጣ አውራሪስ ፊቷ ሲደርስ ቆሞ ይልሳታል፤ የምትወደው ሰው ትገድይኛለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ለዋካንዳ ከሆነ እንደማታመነታ ትነግረዋለች። አልባሳቱን የሠራችው ሩት ካርተር በ2019 በዘርፉ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ቴሌቪዥን ከዚህ ዳሰሳ ውጪ ቢሆንም አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ሳትነሣ አትታለፍም። በፕሪቸር ተከታታይ ፊልም የተጫወተቻት ቱሊፕ በኮሚኩ ላይ ባለ ወርቃማ ጸጉር ነጭ ናት፤ ከሩት በኋላ ግን ያቺኛዋን ማሰብ ይከብዳል።

ሃርሊ ክዊን መንገዷ የተገላቢጦሽ ነው፦ በ1992 በካርቱን ተፈጥራ ነው ወደ ኮሚክ የገባችው፤ ማርጎት ሮቢ በ2016 ወደ ፊልም አመጣቻት። ካፕቴን ማርቭል በ2019 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ተከታዩ ዘ ማርቭልስ በ2023 ከማርቭል ስቱዲዮ ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛውን ገቢ አስመዘገበ። አንዳንዶች ምክንያቱን በሴቶቹ ላይ ያሳብባሉ፤ በዚያው ዓመት በወንድ ጀግና ዙሪያ የተሠራው ዘ ፍላሽም መክሰሩን ግን አያነሡም።