«60 በመቶው በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ 60 በመቶው በዘር ነው» የሚል ነገር ያነበበ ወላጅ፣ ልጁ ከሚሮጠው 10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱ ከዘር፣ 4ቱ ከአካባቢ የመጣ ሊመስለው ይችላል። እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ ስለ አንድ ልጅ ምንም አይነግረንም። የሚናገረው በብዙ ልጆች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፦ አንዱ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ሌላው ከወንበሩ የማይነሳበት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል (ከወላጆች ከሚወረሰው የዘር መረጃ) ጋር ይያያዛል?

ይህን ለመገመት ተመራማሪዎች መንትዮችን ያወዳድራሉ። ከአንድ እንቁላል የተገኙት ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም እህትና ወንድም በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። የመጀመሪያዎቹ በእንቅስቃሴያቸው ይበልጥ ከተመሳሰሉ የዘር ድርሻ አለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። ለሁሉም ልጆች እኩል ሜዳና እኩል የጨዋታ ሰዓት ብንሰጣቸው የአካባቢ ልዩነቱ ይጠባል፣ የዘር ድርሻውም በመቶኛ ከፍ ይላል። አንድም ዘረመል ግን አልተለወጠም! በዕድሜም ይለዋወጣል። ትንሽ ልጅ የሚጫወተው ወላጅ በወሰደው ቦታ ስለሆነ የቤተሰቡ ተጽዕኖ ያይላል፤ ወደ 18 ዓመት ሲጠጋ የራሱን ምርጫ ይከተላል፣ የዘር ድርሻውም ጎላ ይላል።

«በዘር ነው» ማለትም «አይለወጥም» ማለት አይደለም። የቁመት ልዩነት በአብዛኛው በዘር ነው፤ ሆኖም አመጋገብ ሲሻሻል በብዙ አገሮች የትውልድ አማካይ ቁመት ጨምሯል።