ልብን በምስል ማየት

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልብ ክፍል ለሄደ ሰው ኢኮ መታዘዙ የተለመደ ነው። ብዙዎች ከኢሲጂ ጋር ያምታቱታል። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር ይመዘግባል እንጂ ልብን አያሳይም።

ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ደረት ላይ ጄል ይቀባል፣ ወደ ውስጥ የተላከው ድምፅ ነጥሮ ሲመለስ ምስል ይሆናል። ጨረር የለውም፣ አያምም። ስዊድን ውስጥ ኢንጌ ኤድለር እና ሄልሙት ሄርትስ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩት የተጠቀሙት ፋብሪካዎች ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈልጉበትን መሣሪያ ነበር።

በእኛ አገር ኢኮ ይህን ያህል የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ የሚጎዳውም በተለይ የልብን በሮች ነው። በሩ ጠብቧል ወይስ ያፈሳል? ኢኮ ይህንን በቀጥታ ያሳያል። ዶፕለር ሲጨመርበት ደሙ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለካል። እዚያው ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል የሚታከሙ ሕፃናትም ያለ ኢኮ ወደ ቀዶ ሕክምና አይገቡም።

ውጤቱ ላይ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ የሚናገር፣ በመቶኛ የሚጻፍ ቁጥር አለ። 60 ሲል እንደ ፈተና ውጤት አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ልብ በአንድ ምት ያለውን ደም ሁሉ አይገፋም፤ ከ55 እስከ 70 ጤነኛ ነው። በደረት በኩል በደንብ ካልታየ ደግሞ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ ይገባል። ለዚህኛው ሳይበሉ መሄድ ግድ ነው።

ራጅ ልብ ማበጡን ይጠቁማል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይጠበቅበትም። ኤምአርአይ የልብ ጡንቻ ላይ ያለ ጠባሳን በማሳየት የሚወዳደረው የለም። ግን ዋጋው ይከብዳል፣ ጊዜም ይወስዳል።

ጥያቄው ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች ተዘግተዋል ወይ ከሆነ፣ ኢኮ ብቻውን አይመልሰውም። ሲቲ ስካን በክንድ በሚወጋ ቀለም ያሳያቸዋል። ቀለሙ ኩላሊትን ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድሞ የደም ምርመራ ይጠየቃል። አንጂዮግራፊ ሲሆን ቀጭን ቱቦ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ተነስቶ እስከ ልብ ይሄዳል። ጥቅሙ ማየት ብቻ አይደለም፤ የጠበበ ቦታ ከተገኘ ሐኪሙ በዚያው ቱቦ ስቴንት የሚባለውን፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አስገብቶ ሊከፍተው ይችላል።