ዲልዋራ፦ ከውጭ ተራ፣ ከውስጥ አጃኢብ

የዲልዋራን ቤተ መቅደስ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ጌጥ የሌለው ነጭ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ዙሪያውን ዛፍ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አንገቱን ቀና እንዳደረገ ይቀራል።

ዲልዋራ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ራጃስታን ግዛት፣ አቡ ተራራ ላይ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ታች ያለው ሜዳ በሙቀት ሲጋይ ሰው ለመናፈስ ወደዚህ ይወጣል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቤተ መቅደሶቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም የጄይን እምነት ቤተ መቅደሶች ናቸው። ዝናው ግን የሁለቱ ነው፤ እኔም እነሱ ላይ ነው የምቆየው።

ጄይኖች ዓለምን ፈጠረ ብለው የሚያመልኩት አምላክ የላቸውም። የሚያከብሩት 24 ቲርታንካራዎችን ነው። ቃሉ «መሻገሪያ ያበጀ» እንደማለት ነው፤ ከመወለድና ከመሞት አዙሪት ወጥቶ ለሌላው መንገድ ያሳየ። የመጀመሪያው አዲናት፣ የመጨረሻው ማሃቪራ ይባላሉ። የእምነቱ ዋና ሕግ አሂምሳ ነው፦ ሕይወት ያለውን አለመጉዳት። ሥጋማ አይታሰብም። ድንችና ሽንኩርት እንኳ የማይቀምሱ ብዙ ናቸው፤ ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል፣ አፈሩ ውስጥ ያሉትም ትንንሽ ፍጥረታት ይጎዳሉ ብለው።

ታዲያ የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ ያሠራው ሰው የጦር አዛዥ መሆኑ ይገርማል። ቪማል ሻህ የጉጃራቱ ንጉሥ የቀዳማዊ ቢማ ሹም ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው በዕድሜው ማምሻ ያፈሰሰው ደም ከበደው። አንድ መነኩሴ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ አቡ ላይ ቤተ መቅደስ ሥራ ተባለ። መሬቱን ለመግዛትም በወርቅ ሳንቲም አለበሰው ይባላል። ወርቁን እንጃ፤ ሥራው ያለቀበት ዓመት ግን 1031 እ.ኤ.አ. ነው። ለአዲናት የተሠራ ሲሆን በሠሪው ስም ቪማል ቫሳሂ ይባላል።

ግቢውን ከ50 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ከበውታል፤ በየክፍሉ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ የቲርታንካራ ምስል አለ። መሐል ላይ በ12 ያጌጡ ምሰሶዎች የቆመ አዳራሽ አለ። ቀና ሲሉ ጣሪያው ክብ በክብ እየጠበበ ይወጣል። ዙሪያውን 16 የዕውቀት አማልክት ቆመዋል። ከመሐሉ ደግሞ እንደ ተዘቀዘቀ አበባ ወደ ታች የተንጠለጠለ ጌጥ አለ። ይህ ሁሉ እብነ በረድ ነው። ቅጠሉ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ሥራ በመሮና በመዶሻ ብቻ አይመጣም፤ አንዴ ጠንከር አድርገው ቢመቱት እርግፍ ይላል። የመጨረሻው ልስላሴ የመጣው በመፋቅና በመፈግፈግ ነው ይባላል። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸውም ፍቀው ባወጡት ብናኝ ክብደት ልክ ነበር የሚል ወሬ አለ። ጣሪያውን ላየ ሰው ወሬው አይከብድም።

ሁለተኛው ሉና ቫሳሂ ነው፤ በ1230 ተሠራ። ያሠሩት ቫስቱፓላና ቴጃፓላ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በጉጃራት የቫጌላ ገዢዎች ዘንድ ሚኒስትሮች ነበሩ። ስሙን ያገኘው ከሟች ወንድማቸው ከሉና ነው። ከቪማል ጋር 200 ዓመት ቢራራቅም ንድፉ ይመሳሰላል፤ ቅርጹ ግን የበለጠ ረቅቋል። በዋናው ጣሪያ ዙሪያ 72 የተቀመጡ የቲርታንካራ ምስሎች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ሥር 360 ትንንሽ መነኮሳት። ቆጥሮ የሚጨርስ ጎብኚ ካለ ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። በዋናው መግቢያ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጌጠኛ መስኮት መሰል ቦታዎች የሁለቱ ወንድማማቾች ሚስቶች በፉክክር ያሠሯቸው ናቸው እየተባለ ይተረካል።

ሁለቱም ቤተ መቅደሶች በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጦርነት ተጎድተው፣ በዚያው ክፍለ ዘመን ተጠግነዋል። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ 4 ቶን ገደማ በሚመዝን የአዲናት የብረታ ብረት ሐውልት ይታወቃል። ሌላው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። አምስተኛው፣ የማሃቪራው፣ በ1582 የተሠራ ትንሽ ቤት ነው።

ጠዋት ለጸሎት ብቻ ነው። ሌላው ጎብኚ የሚገባው ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ካሜራና ስልክ አይገባም። ጫማ ይወለቃል። የቆዳ ቀበቶ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የቆዳ የገንዘብ መያዣ ሁሉ ውጭ ይቀመጣል። ሱሪውን በእጁ ይዞ የሚዞር ሰው ማየት ያጋጥማል።

ቆዳው ለምን እንደተከለከለ ለሚጠይቅ መልሱ ሉና ቫሳሂ ጣሪያ ላይ ተቀርጿል። ቤተ መቅደሱ የተሠራለት 22ኛው ቲርታንካራ ኔሚናት ሙሽራ ነበር። ሚዜው፣ ፈረሱ፣ አጃቢው ተሰልፎ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲጓዝ፣ መንገድ ዳር በረት ውስጥ የታጎሩ እንስሳት አየ። ለምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ለሠርግህ የሚታረዱ ናቸው አሉት። ሠረገላውን አዙሮ ተመለሰ፤ ሠርጉም ቀረ። ቀራጮቹ ሙሽራውንም፣ አጃቢውንም፣ በረት ውስጥ ያሉትንም እንስሳት አልተዉም።