ከሲዲ ወደ ፍላሽ

ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉሬይ በጨረር የሚነበቡ ዲስኮች ናቸው። በየቤቱ ከቴሌቪዥኑ ስር ተደርድረው ዘፈኑንም፣ ፊልሙንም፣ የሰርጉን ቪዲዮም ይዘው ለዓመታት ኖረዋል። ዛሬ ቦታቸውን ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክና ኢንተርኔት ወስደውታል።

የመጀመሪያው የሲዲ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1982 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሲዲን አብረው የሠሩት የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ ናቸው። አሠራሩ እስካሁን ያስደንቀኛል። ዲስኩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ከመሃል ተነስተው እየዞሩ ወደ ጠርዙ ይሄዳሉ። ይህ መስመር ተዘርግቶ ቢለካ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሌዘሩ መስመሩን ተከትሎ ሲያበራ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ደከም ይላል። ማጫወቻው ይህንን ወደ ድምፅ ወይም ወደ ምስል ይለውጠዋል። የሚነካው ነገር ስለሌለ እንደ ካሴት ተጫውቶ ተጫውቶ አያልቅም።

በጊዜው ብዙ የሚይዝ ዕቃ ነበር። በ1983 የወጣው የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ 10 ሜጋባይት ነበር፤ አንድ ሲዲ ግን እስከ 700 ሜጋባይት ይይዛል። በ1996 ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ በ2006 ደግሞ ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ይዘው መጡ። የጨረሩ ሞገድ ባጠረ ቁጥር ጉድጓዶቹን ማሳነስና ማጠጋጋት ስለሚቻል ነው።

እኛ አገር የነገሠው ግን ቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ የተጫነበት ሲዲ ነው። አንዱ ዲስክ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ቪዲዮ ስለሚይዝ የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። ልብ በተሰቀለበት ሰዓት አንድ ሰው ተነስቶ ሁለተኛውን ይከታል። አሜሪካ ባሉ የሐበሻ ሱቆችም ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ይሸጥ ነበር። ማባዛቱ ቀላል መሆኑ ግን ፊልም ሠሪውንና ዘፋኙን ክፉኛ ጎዳ። ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ባዶ ዲስክ ላይ ቀድቶ መሸጥ ቻለ።

ፍላሽ በ2000 ሲመጣ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚይዘው። ዛሬ ባለ 32 ጊጋባይቱ የ45 ሲዲ ያህል ይይዛል። አይጫጫርም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ተደምስሶ እንደገና ይጫንበታል። አፕል በ2008 ባወጣው ማክቡክ ኤር ላፕቶፕ ላይ የዲስክ ማጫወቻውን አስቀረ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ከዚያ ኢንተርኔቱ ፈጠነ። በ1998 ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት የጀመረው ኔትፍሊክስ ይህንን የፖስታ አገልግሎቱን በመስከረም 2023 ዘጋ። ሶኒም በየካቲት 2025 ባዶ የብሉሬይ ዲስክ ማምረት አቆመ።

በምቾት ፍላሽ ያሸንፋል፤ ዕቃ ለማኖር ግን አላምነውም። ፍላሽ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ ቻርጁ እየሳሳ ሊሄድ ይችላል። ቫይረስም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ያዞራል። ሃርድ ዲስክም ከወደቀ ያሰጋል። ዲስኩም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ፋብሪካ የታተመው ጠንካራ ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚቀዳበት ዓይነቱ ግን መረጃው የሚጻፈው ቀለም ላይ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያጠፉታል። የብዙዎቻችን ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። አሁን በሕይወት የሌሉ አያቶቻችን ሲስቁና ሲመርቁ የሚታዩት እዚያ ላይ ነው።

አዳዲስ ላፕቶፖች ማጫወቻ ባይኖራቸውም በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማጫወቻ አሁንም ይሸጣል። ጤነኛ ዲቪዲ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል። የተጫጨረው ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ እንደገና መሞከር ብዙ ጊዜ ይረዳል። የተገለበጠውን አንዱን ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላውን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ዋናው ዲስክም በልባሱ ሆኖ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።